ከስቴም ሴል ትራንስፕላንት በኋላ ጭንቅላቴ ደነዘዘብኝ፣ ስፖርት ይመልሰዋል ወይ?

«ሰላም የዓምዱ አዘጋጅ። ዕድሜዬ 41 ነው፣ ሥራዬ ሂሳብ። የደም ካንሰር ተገኝቶብኝ ኬሞ ስወስድ ከቆየሁ በኋላ ከወንድሜ ስቴም ሴል (ደም የሚሠሩ ሴሎች) ተሰጥቶኝ አሁን ስምንተኛ ወሬን ይዣለሁ። ካንሰሩ የለም ተብያለሁ፣ ተመስገን፣ ግን ጭንቅላቴ የድሮው አይደለም። ሰው እያናገረኝ መሀል ላይ ይጠፋኛል፣ የማውቀው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ይቀራል፣ በቃሌ እደምረው የነበረውን አሁን ሦስቴ ደምሬም እጠራጠራለሁ። ሐኪሜን ስጠይቀው ‹እንቅስቃሴ አድርጊ› አለኝ፣ በቃ ይችን ብቻ። እናቴ ደግሞ ከወንበር ስነሳ ራሱ ትቆጣኛለች፣ ወንድሜ በተቃራኒው ሩጪ ሩጪ እያለ ያጣድፈኛል። ማንን ልስማ? ስፖርት እውነት ለጭንቅላት ይረዳል ወይስ ለጡንቻ ብቻ ነው? ደግሞስ አብጄ ይሆን እንዴ? — ጭጋግ የሸፈናት»

እህቴ ጭጋግ የሸፈናት፣ ከመጨረሻው ልጀምርልሽ፣ አላበድሽም። ይሄ የምትይው ነገር ትራንስፕላንት ያደረጉ ሰዎች ላይ በደንብ የሚታወቅ ነው፣ ሰዉ «ብሬይን ፎግ» ወይም «ኬሞ ብሬይን» ይለዋል፣ የሚገርመው ግን ከሆስፒታል ስትወጪ ስለ ትኩሳቱ ስለ ምግቡ ስለ እጅ መታጠቡ ሁሉ ወረቀት ሞልተው ይሰጡሽና ስለዚህ ማንም ትንፍሽ አይልም። ከዛ ሰው ብቻውን ቁጭ ብሎ «ምን ሆኜ ነው» እያለ ይብሰለሰላል። እኔ በግሌ ይሄ ዝምታ ያናድደኛል፣ ቢያንስ አንድ አረፍተ ነገር መናገር ምን ይከብዳል።

የሚታወቀውን ልንገርሽ። አሜሪካ ሲያትል ያለው የፍሬድ ሃቺንሰን የካንሰር ማዕከል ተመራማሪዎች እንዳንቺ ከሌላ ሰው ስቴም ሴል የተሰጣቸውን ታካሚዎች ለ5 ዓመት ተከታትለው በ2011 ውጤቱን አውጥተው ነበር። በ80ኛው ቀን አካባቢ ሲፈተኑ ሁሉም ነገር ወርዷል፣ ማስታወሱም የማሰብ ፍጥነቱም የእጅ ቅልጥፍናውም። ከዛ በአንድ ዓመት ውስጥ ብዙው ተመልሷል፣ አንዳንዱ ከዛም በኋላ መሻሻሉን ቀጥሏል። ወደኋላ የቀሩት የሰሙትን ቃል መልሶ ማስታወስና የእጅ ቅልጥፍና ናቸው። በ5ኛው ዓመት ከ10 ሰው ወደ 4ቱ ላይ ቀለል ያለ ጉድለት ቀርቶ ነበር፣ ትራንስፕላንት ካላደረጉት ደግሞ ከ10 ወደ 2ቱ ላይ። እንግዲህ አንቺ ስምንተኛ ወርሽ ላይ ነሽ፣ ማለትም ገና ሽቅብ በሚወጣበት ጊዜ ውስጥ ነሽ። ሁሉም ነገር መቶ በመቶ ይመለሳል ብዬ አልምልልሽም፣ ግን አሁን ያለሽበት የመጨረሻው ነው ብለሽ እንዳትደመድሚ።

ስፖርቱ ጋ ከመሄዳችን በፊት ግን አንድ የማልዘለው ነገር አለ። ጭጋጉ ከአንድ ቦታ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ከትራንስፕላንቱ በፊት የሰጡሽ ከባዱ ኬሞ አለ፣ መላ ሰውነት ላይ ጨረር ተሰጥቶሽ ከሆነ እሱም አለ፣ ክፍል ተዘግቶብሽ የተኛሽባቸው ሳምንታት፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ጭንቀቱ። ከዛ ደግሞ አሁን በየቀኑ የምትውጫቸው አሉ። የወንድምሽ ሴል ሰውነትሽን እንዳያጠቃ የሚሰጡት ታክሮሊመስ ወይም ሳይክሎስፖሪን በደም ውስጥ መጠናቸው ሲበዛ እጅ ያንቀጠቅጣሉ ራስ ያሳምማሉ ሐሳብ ያደናግራሉ፣ ማግኒዚየምም ያወርዳሉ። ስቴሮይድ ከሆነ እንቅልፍ ይነሳል፣ ፀባይ ይቀያይራል፣ ጭንቅላትንም ያዋክባል። የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ዕጢ ሥራ ማነስ (ይሄ በተለይ ጨረር በወሰዱት ላይ ቆየት ብሎ ይመጣል)፣ የቫይታሚን ቢ12 ማነስ፣ ዲፕሬሽን፣ እነዚህ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ሰውን ያፈዛሉ። የነዚህ ደስ የሚለው ነገር ምርመራ አላቸው፣ መፍትሔም አላቸው። ስለዚህ ቀጠሮሽ ሲደርስ «እረሳለሁ» ብለሽ ብቻ አትመለሺ፣ የደም ቆጠራ፣ ታይሮይድ፣ ቢ12፣ ማግኒዚየም፣ የመድኃኒቱ መጠን በደም ውስጥ ይታይልኝ በይ። ታይሮይዱ የወረደ ሰው ላይ ስፖርት ብትጭኝበት ድካም ብቻ ነው የምታተርፊው።

እና ደግሞ ይሄ ያንቺ ቀስ ብሎ የመጣ ጭጋግ ነው፣ ድንገት የሚመጣው ግን ሌላ ነገር ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ግራ መጋባት፣ ያለሽበትን አለማወቅ፣ ዓይን መጋረድ፣ አዲስ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ መንቀጥቀጥ፣ የእጅ ወይ የእግር መዛል፣ ወይም ትኩሳት የቀላቀለ መፍዘዝ ከመጣ ቀጠሮ መጠበቅ የለም፣ የዛኑ ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው። ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፣ የመድኃኒቱ ጉዳት ሊሆን ይችላል፣ በሁለቱም ሰዓት ዋጋ አለው። እናትሽም ወንድምሽም ይችን አንቀጽ ያንብቧት።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ስፖርት ለጭንቅላት ይረዳል ወይ?

ሐቁን ነው የምነግርሽ እህቴ፣ ምክንያቱም ኢንተርኔቱ ላይ «በ30 ቀን አእምሮህን አድስ» የሚለው ሁሉ ሲሰለቸኝ ነው የኖረው። ትራንስፕላንት ባደረጉ ሰዎች ላይ በደንብ የተረጋገጠው ኤክሰርሳይስ ድካምን እንደሚቀንስ፣ የጡንቻ ጉልበትን እንደሚመልስ፣ የመራመድ አቅምን እንደሚጨምር፣ አጠቃላይ ኑሮን እንደሚያሻሽል ነው። እዚህ ላይ ጥናቱ ብዙ ነው፣ ገና ሆስፒታል ተኝተው እያሉ የጀመሩ ሰዎችም ተጠንተዋል። «የማስታወስ ፈተና ውጤታቸው ጨመረ ወይ» ተብሎ ለብቻው ሲጠየቅ ግን ማስረጃው ሳሳ ይላል፣ ጥናቶቹ ትንንሽ ናቸው ውጤታቸውም ወዲህና ወዲያ ነው። ጤነኛ አረጋውያን ላይ ግን ጠንከር ያለ ነገር አለ፣ በ2011 የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት 120 አረጋውያንን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን በሳምንት ሦስት ቀን 40 ደቂቃ ድረስ በእግር አስኬደ፣ ግማሹን ደግሞ ማሳሳብና ማፍታታት ብቻ አሠራ። ከአንድ ዓመት በኋላ የተራመዱት ሰዎች ሂፖካምፐስ የሚባለው የማስታወስ ሥራ የሚሠራው የአንጎል ክፍል ወደ 2 በመቶ አደገ፣ ባልተራመዱት ላይ ትንሽ ቀነሰ። እነሱ ኬሞም ትራንስፕላንትም አልነካቸውም፣ ስለዚህ ቀጥታ ወስደን ያንቺ ላይ አንለጥፈውም። ግን አንጎል ለእንቅስቃሴ መልስ እንደሚሰጥ ያሳያል፣ የደም ዝውውሩ ይጨምራል፣ ቢዲኤንኤፍ የሚባል የነርቭ ሴሎችን የሚያጠናክር ፕሮቲን ይጨምራል፣ በሰውነት ውስጥ ያለው ብግነትም ጋብ ይላል።

እኔ እንደሚመስለኝ ግን አንቺን በቶሎ የሚጠቅምሽ ሂፖካምፐሱ አይደለም። ያ የምትይው «ሰው እያናገረኝ ይጠፋኛል» የሚለው ነገር ግማሹ የማስታወስ ችግር ሳይሆን የትኩረት ችግር ነው፣ ትኩረት ደግሞ የድካምና የእንቅልፍ ባሪያ ናት። የደከመ ሰው መጀመሪያውኑ በደንብ አልሰማም፣ ያልሰማውን ደግሞ ከየት አምጥቶ ያስታውሳል? እንቅስቃሴ ድካሙን ሲቀንስልሽ፣ ሌሊት ደህና ሲያስተኛሽ፣ ጭንቀትሽን ሲያረግብልሽ ያ ጭንቅላት የሚሠራበት ቦታ ያገኛል። በጓሮ በር መግባት በይው። ለዚህ ነው ጭጋጉ ይጥራና ከዛ እጀምራለሁ የሚለውን የማልወደው፣ ድካሙ ራሱ እየተቀመጡ በሄዱ ቁጥር የሚብስ ዓይነት ነው፣ እንደ ጤነኛ ሰው ድካም ተኝተሽ የሚለቅሽ አይደለም።

እናትሽ ላይ እንግዲህ መምጣቴ ነው። እሳቸው ያዩትን አንቺ አላየሽም፣ አንቺ አልጋ ላይ ነበርሽ እሳቸው ደጅ ላይ፣ ስለዚህ «ቁጭ በይ ልጄ» ቢሉ አይፈረድባቸውም። ግን እሱ ላይ ተሳስተዋል። ሳምንታት የተኛ ሰው ጡንቻው ያልቃል፣ ስቴሮይድ ሲጨመርበት ደግሞ በተለይ የጭኑና የዳሌው ጡንቻ ይመነምናል፣ ለዛ ነው ደረጃ መውጣትና ከወንበር መነሳት የሚከብደው። ከወንበር ስትነሺ ከመቆጣት ይልቅ አብረውሽ ቢነሱ ነው የሚያዋጣው። ወንድምሽ ደግሞ ሐሳቡ ልክ ነው ፍጥነቱ ነው ልክ ያልሆነው (ሴሉን የሰጠ ሰው አሰልጣኝም ልሁን ቢል ትንሽ ይገባኛል)።

እንዴት ልጀምር ካልሽ፣ መጀመሪያ አንድ ቀላል ነገር ለኪ። የማይንሸራተት ወንበር ግድግዳ አስደግፈሽ፣ እጅሽን ደረትሽ ላይ አጣምረሽ፣ በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንቴ ተነስተሽ እንደምትቀመጪ ቁጠሪ፣ ሰው አጠገብሽ ይሁን። ፊዚዮቴራፒስቶችም የሚጠቀሙበት ፈተና ነው። ቁጥሩን ጻፊው፣ ሁለት ሦስት ቢሆንም አትፈሪ፣ ከወር በኋላ ደግመሽ የምታወዳድሪው ከራስሽ ጋር ነው። በጭንቅላት ነገር ለውጥ ቶሎ አይታይም፣ ወንበሩ ላይ ግን ይታያል፣ ሰው ደግሞ የሚታይ ነገር ሲያገኝ ነው የሚቀጥለው።

ከዛ በእግር መሄድ። ሜዳ በሆነ ቦታ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ በቀን ሁለቴ ወይ ሦስቴ። ልኩ ምንድነው ካልሽኝ እየሄድሽ ማውራት መቻል አለብሽ፣ መዝፈን ግን ሊያቅትሽ ይገባል፣ በቃ መካከለኛ የሚባለው ይሄ ነው፣ ሰዓት ምናምን መግዛት አያስፈልግም። ደህና ከሆንሽ በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጨምሪ። ካንሰር ላይ የሚሠሩ የስፖርት ባለሙያዎች በ2019 ያወጡት የጋራ ምክር ድካምንና ጭንቀትን ለመቀነስ በሳምንት ሦስት ቀን 30 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ሲደመር በሳምንት ሁለት ቀን የጡንቻ ሥራ ነው። ይሄ መድረሻሽ ነው እንጂ መነሻሽ አይደለም፣ እዛ ለመድረስ ወራት ቢፈጅብሽ ምንም አይደል። የጡንቻ ሥራ ስልሽ ብረት ማንሳት እንዳይመስልሽ፣ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ይዞ ተረከዝን ማንሳት፣ ግድግዳን መግፋት፣ ከለመድሽው በኋላ ላስቲክ መሳብ። ከቻልሽ የመጀመሪያዎቹን ጊዜያት ፊዚዮቴራፒስት እያየሽ ብትሠሪ ጥሩ ነው።

የማትረሺው ሕግ የነገው ቀን ነው። ዛሬ ሠርተሽ ነገ ከወትሮው ይልቅ ከደከምሽ፣ ወይም ጭጋጉ ከበዛብሽ፣ ዛሬ በዝቷል ማለት ነው፣ ቀንሺ እንጂ አታቁሚ። ጥሩ ቀን ሲመጣ ያለፈውን ሁሉ ላካክስ ብሎ መሮጥ፣ ከዛ ሦስት ቀን መውደቅ፣ ይሄ ትራንስፕላንት ያደረጉ ሰዎች ላይ በጣም ያለ ነገር ነው እና ወንድምሽ ይስማ።

የጥንቃቄውን ነገር ጠበቅ አድርጊው፣ ምክንያቱም አንቺ ተራ ሰው አይደለሽም ስምንተኛ ወርሽ ላይ ያለሽ ከዶነር (ከሰጪ) ሴል የተቀበልሽ ሰው ነሽ። ፕላትሌትሽ (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው) ስንት እንደሆነ ሳታውቂ ከበድ ያለ ነገር አትጀምሪ፣ ብዙ ቦታ ከ50,000 በታች ሲሆን ክብደት መግፋት አይፈቀድም፣ ከ20,000 በታች ከሆነ ቀላል እርምጃ ብቻ፣ ከ10,000 በታች ከወረደ ደግሞ ሐኪም ሳይፈቅድ ምንም የለም፣ ቁጥሩን ግን የሚወስንልሽ ያንቺ ቡድን ነው። ሄሞግሎቢንሽ (በደም ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመው) ከ8 በታች ከሆነም መጀመሪያ ጠይቂ። ትኩሳት 38 ከደረሰ የዛን ቀን ስፖርት የለም፣ ስልክ ነው። ደረትሽ ላይ ወይ ክንድሽ ላይ ያ ለመድኃኒት የሚገባው ቱቦ ገና ካለ መዋኘት ክልክል ነው፣ ክንድን በኃይል መወጠርም እንደዛው። ባይኖርም መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት እየወሰድሽ እያለ የሕዝብ ገንዳ ይቆይ፣ ሰው የታጨቀበት ጂምም ይቆይ። ፀሐይ ላይ ረጅም ሰዓት መውጣትም ጥሩ አይደለም፣ ለቆዳው ብቻ ሳይሆን ፀሐይ ጂቪኤችዲን (የወንድምሽ ሴል ሰውነትሽን ሲያጠቃ የሚመጣውን በሽታ) ሊቀሰቅስ ስለሚችል፣ ስለዚህ ጠዋት ማልዶ ወይም ወደ ማታ፣ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ።

ሦስት ነገር ግን ዝም ብለሽ እንዳታልፊ። አንደኛ፣ ባለፈው ሳምንት የቻልሽው መንገድ ላይ ያለ ምክንያት ትንፋሽ እያጠረሽ ከመጣ፣ ደረቅ ሳልም ካለ፣ «አቅም አጣሁ» ብለሽ አትተርጉሚው፣ ጂቪኤችዲ ሳንባ ላይም ይመጣልና የሳንባ ምርመራ ይጠየቅ። ሁለተኛ፣ ስቴሮይድ ረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው የዳሌ አጥንቱ ደም አጥቶ ሊጎዳ ይችላል፣ ስለዚህ ብሽሽትሽ ላይ ወይ ዳሌሽ ላይ ስትረግጪ የሚሰማ አዲስ ሕመም ከመጣ ስፖርቱን አቁመሽ ታዪ፣ «ጡንቻ ነው ይለመዳል» አይባልም። ሦስተኛ፣ ደረት ላይ መጨነቅ፣ የልብ ምት መዘባረቅ፣ ራስ መሳት። ከኬሞዎቹ አንዳንዶቹ ልብን ስለሚነኩ ሐኪምሽን የልብ አልትራሳውንድ ውጤቴ እንዴት ነው ብለሽ አንዴ ጠይቂው።

አሁን ጭንቅላቱን ራሱ። ሰዎች እየሄድሽ ከ100 ላይ ሰባት ሰባት እየቀነስሽ ቁጠሪ ምናምን ይላሉ፣ አንቺ የሂሳብ ሰው ስለሆንሽ ሊያዝናናሽ ይችል ይሆናል፣ ተአምር ግን አትጠብቂበት፣ ደግሞ መንገድ ስትሻገሪ ወይም ሚዛንሽ ገና ካልተስተካከለ በፍጹም። ከዛ ይልቅ የምመርጥልሽ ከባዱን የጭንቅላት ሥራሽን ሰውነትሽ ነቃ ባለበት ሰዓት አድርጊው፣ ብዙ ሰው አጭር እርምጃ ሄዶ ትንሽ ካረፈ በኋላ ነቃ ይላል፣ አንቺም እንደዛ ከሆንሽ እዛ ሰዓት ላይ ቁጥሮቹን አውጪ። አንድ ጊዜ አንድ ነገር፣ ስልኩ ሌላ ክፍል፣ የሚነገርሽን ወዲያው ጻፊ። ማስታወሻ መያዝ ጭንቅላትን ያሰንፋል የሚሉሽን አትስሚያቸው፣ እግሩ የተሰበረ ሰው ምርኩዝ ሲይዝ ማንም ሰነፍ አይለውም።

ሥራ መመለስን አልጠየቅሽኝም፣ ግን ደብዳቤሽ ውስጥ ስላሸተትኩት ልንካው። ከዶነር ሴል የወሰደ ሰው ወደ ሥራ ለመመለስ ብዙ ጊዜ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዛ በላይ ይፈጅበታል፣ ስለዚህ ዘገየሁ ብለሽ አትሳቀቂ። ስትመለሺም ግማሽ ቀን ብትጀምሪ ይሻላል። ዓመቱ ሲሞላ ጭጋጉ አሁንም ሥራሽን የሚያሰናክል ከሆነ ኒውሮሳይኮሎጂስት የሚባል ባለሙያ አለ፣ ቁጭ አድርጎሽ የትኛው እንደተዳከመ የትኛው ደህና እንደሆነ ለይቶ ይፈትንሻል፣ «ረሳሁ» ከሚለው ጥቅል ቃል ይልቅ ምን እንደሆነ ማወቅ ይሻላል። ፈተናው ያለበት ቦታ ካለ ሪፈር እንዲጽፍልሽ ሐኪምሽን ጠይቂ።

የቤቱን ክርክር ደግሞ እንዲህ ፍቺው። እናትሽን ጠባቂ ከማድረግ ጸሐፊ አድርጊያቸው፣ በየቀኑ ስንት ደቂቃ እንደሄድሽ፣ ድካምሽ ከ0 እስከ 10 ስንት እንደሆነ፣ እንቅልፍሽ እንዴት እንደነበር ይመዝግቡልሽ፣ ወረቀቱን ለቀጠሮ ይዘሽ ሂጂ፣ ሐኪሙም «እንቅስቃሴ አድርጊ» ብሎ ዝም ከማለት ፊት ለፊቱ የሚያየው ነገር ያገኛል። እሳቸውም ድካምሽ ከ8 ወደ 5 ሲወርድ በገዛ እጃቸው ጽፈው ያዩታል፣ ከዛ በኋላ ከወንበር ስትነሺ የሚቆጡ አይመስለኝም። ወንድምሽ አጠገብሽ ይራመድ፣ ባንቺ ፍጥነት፣ እያወራሽ። መሮጥ ካማረው አንቺን ቤት ካደረሰ በኋላ ራሱ ይሩጥ።